ጓሮ ላይ የኪራይ ቤት ከመሥራትዎ በፊት ማንሆሉን ይክፈቱ

ጥያቄው አጠር ተደርጎ ይኸው፦ «ከቤታችን ጀርባ ባዶ ቦታ አለን። ወደ ጎን 9 ሜትር፣ ከቤታችን ግድግዳ እስከ ኋላ አጥር 11 ሜትር ነው። 45 ካሬ የምትሆን ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሠርተን ልናከራይ አሰብን። ግማሹ ገንዘብ በእጃችን አለ፤ ግማሹን መበደር ይኖርብናል። ባለቤቴ ዛሬ ነገ ሳንል እንጀምር ይላል። እኔ ሒሳቡ አልገባኝም። ያዋጣል? ካዋጣስ ከየት እንጀምር?»

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በብዛት ይደርሱኛል። ከመቸኮል መጠራጠር የሚሻልበት አንዱ ቦታ ይህ ስለሆነ ለእርስዎ አደላለሁ። አጭሩ መልሴ፣ የጓሮ ቤት ያዋጣል። ግን በ45 ካሬና በግማሽ ብድር ከሆነ እጅ ያጥራችኋል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ሰው ሁሉ የሚሠራው አንድ ዓይነት ሒሳብ ነው። የግንባታውን ወጪ ወስዶ ለወር ኪራይ ያካፍለዋል። ቤቱ የ120 ወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ የሚፈጅ ከሆነ «በ10 ዓመት ይመልሳል» ይላል። ወረቀቱ ላይ ልክ ነው። ኑሮው ላይ ግን ተከራይ ይወጣል። ሌላ እስኪገኝና ግድግዳው እስኪቀባ አንድ ወር እልም ይላል። ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ቁልፍ ይሰበራል፣ ማሞቂያው ይቃጠላል። ለጥገና በዓመት የአንድ ወር ኪራይ መያዝ ማጋነን አይደለም። ግብሩ፣ መድኑና ጥቃቅኑ ተደማምሮ ሌላ አንድ ወር ይውሰድ። ከ12ቱ ወር በእጅ የሚቀረው 9 ነው። 120ን ለ9 ሲያካፍሉት 13 ዓመት አልፎ ይሄዳል።

አሁን ብድሩን ያስገቡበት። ግማሹ ማለት የ60 ወር ኪራይ ነው። ወለዱ በዓመት 10 በመቶ ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ለወለድ ብቻ የ6 ወር ኪራይ ይሄዳል። ከ9ኙ 3 ቀረች። ዋናው ብድር ገና አልተነካም። ወለዱ 15 በመቶ ከሆነ ደግሞ 9ኙም ወር ለወለድ ይሆናል። ያኔ ተከራዩ የሚከፍለው ለእናንተ ሳይሆን ለአበዳሪው ነው፤ ዋናውን ብድር የምትመልሱት ከደሞዛችሁ ነው ማለት ነው።

ኪራይ እኮ ይጨምራል የሚል አይጠፋም። አዎ ይጨምር ይሆናል። የግንበኛና የቧንቧ ሠራተኛ ዋጋም አብሮ ይጨምራል። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገብታችሁ ሥሩት። እነዚያን ሦስት ተቀናሽ ወሮች ብቻ እንዳትዘሏቸው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው።

ከሒሳቡ ቀጥሎ ሜትር ይያዙ። ሕጉ ከቦታ ቦታ በጣም ስለሚለያይ ፈቃድ የሚሰጠውን ክፍል ሳይጠይቁ አንድ ካስማ አይትከሉ። ቫንኩቨር በጓሮ በኩል የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶችን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለው ቤት ከጎንና ከኋላ ወሰን 4 ጫማ፣ ማለትም 1.2 ሜትር ገደማ ከራቀ ይበቃዋል። ሌላ ቦታ 2 ሜትር፣ 3 ሜትር ራቁ ሊሏችሁ ይችላሉ። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች። በእናንተ ቦታ ላይ ግን ነገሩን ሁሉ ትቀይረዋለች።

ላሳይዎት። ከዋናው ቤት 3 ሜትር ራቅን እንበል። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ለብርሃንም፣ ለእሳት አደጋም፣ ለገመናም ጥሩ አይደለም። ከጎኖቹና ከኋላ 1.2 ሜትር ብቻ ከተፈለገ 6.6 በ6.8 ይተርፋችኋል፤ 45 ካሬ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። 2 ሜትር ከተባለ ግን የሚተርፈው 5 በ6፣ ማለትም 30 ካሬ ነው። ይህም ከውጭ ወደ ውጭ ሲለካ ነው። ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ውስጡ 26 ካሬ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ባለ ሁለት መኝታ ይሁን ባለ አንድ የሚለውን ከባለቤትዎ ጋር ከመከራከራችሁ በፊት ይህን ቁጥር አግኙት። ክርክሩ ያለቀ ሊሆን ይችላል። በዚያው ደግሞ ከግቢው ስንት እጅ መሸፈን እንደሚቻልና ማከራየት ራሱ የተፈቀደ መሆኑን ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል «ችግር የለውም» ያለ ሰው በኋላ ሲፈለግ አይገኝም።

ወደ ርዕሱ ልምጣ። በዚህ ሥራ ላይ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ግድግዳና ስለ ጣሪያ ነው። እኔ ግን ቤት የሚያስቸግረው ከመሬት በታች ነው እላለሁ። ጓሮ አብዛኛውን ጊዜ ከመንገድ የራቀው የግቢ ክፍል ነው። ፍሳሽ ደግሞ የሚወጣው ወደ መንገድ በኩል ነው። በመሃል የእናንተ ቤት ተቀምጧል። ከጓሮ የሚነሳው ቱቦ ዋናውን ቤት ዞሮ ወደ ማንሆሉ፣ ማለትም ክዳን ወዳለው የፍሳሽ ጉድጓድ መድረስ አለበት፤ እግረ መንገዱንም መውረድ አለበት። ውሃ ሽቅብ አይሄድም፤ ይህን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ግን ስንቱ ረስቶት አይቻለሁ!

የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚወስድ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ በአንድ ሜትር ርዝመት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢወርድ ጥሩ ነው። ከአዲሱ ቤት እስከ ማንሆሉ 25 ሜትር ነው እንበል። 25 ሲባዛ በ2፣ 50 ሳንቲ ሜትር። ቱቦው ከቤቱ ሲወጣ ከወለሉ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ተደምሮ 80። ስለዚህ ማንሆሉ ውስጥ ውሃው የሚሄድበት መስመር ከአዲሱ ቤት ወለል 80 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ በላይ ጠልቆ ከተገኘ እሰየው። 65 ላይ ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ወለሉን ከፍ ማድረግ ነው። ሌላው ቁልቁለቱን ማለዘብ ነው፤ በየ80 ሳንቲ ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲወርድ 25 ሜትሩ 31 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ከ30ው ጋር 61፣ ለጥቂት ያልፋል። ይህ የሚሠራው ግን ቱቦው በልክ ሲዘረጋ ነው። መሃሉ ላይ ትንሽ ሆድ ካበጀ እዚያው ይጠራቀማል፤ ከዚያ በኋላ ከተከራይዎ ጋር የምታወሩት ስለ ሌላ ነገር አይሆንም። 40 ላይ ከሆነ ፓምፕ ሊያስፈልግ ነው። ፓምፕ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ልተወው።

ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መጥራት እንኳን አያስፈልግም። የማንሆሉን ክዳን ይክፈቱ። ቀጥ ባለ እንጨት ጥልቀቱን ይለኩ። ከዚያ ውስጡ የሚታይ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ይሙሉና አንዱን ጫፍ ማንሆሉ ጋ፣ ሌላውን ጓሮ ጋ ይያዙት። የሁለቱም ጫፍ ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ነው የሚቆመው። ከየውሃው እስከ መሬት ሲለኩ የትኛው ቦታ በስንት እንደሚበልጥ ያውቁታል። ግንበኞች ከጥንት ጀምረው የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይኖር ብቻ ይጠንቀቁ፤ አረፋ ካለ ይዋሻል። የፍሳሽ መስመር በሌለበት ሰፈር ሴፕቲክ ታንክ ነው ያለው። ያን ጊዜ ጥያቄው ታንኩ የሁለት ቤት ሰው ይችላል ወይ፣ የሚመጥጠውስ መኪና ቱቦ ይደርሳል ወይ የሚል ይሆናል። ታንኩን አዲሱ ቤት ሥር ቀብራችሁ እንዳትሠሩበት። አይቻለሁ፤ ስለዚህ ነው የምለው።

የዝናቡም ነገር አለ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ጣሪያችሁ ከነክንፉ 35 ካሬ ቢሆንና በአንድ ቀን 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,750 ሊትር ውሃ ነው። ዛሬ ያንን ውሃ የጓሮው አፈር ይጠጣዋል። ነገ አፈሩ የለም። ውሃው ወይ ወደ እናንተ መሠረት፣ ወይ ወደ ጎረቤት አጥር ይሄዳል። ከጎረቤት ጋር የሚያጣላው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ቁመት ሳይሆን አሸንዳው ነው። ጣሪያውን ወደ ራሳችሁ ግቢ አዘቅዝቁት፤ ውሃውን በቱቦ ያዙት፤ ከፍሳሹ መስመር ጋር ግን አትቀላቅሉት።

አፈሩ ጥቁርና ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ መሠረቱን ባለሙያ ሳያይ አትጀምሩ። እንዲህ ያለ አፈር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ትንሽ ቤት ደግሞ ቀላል ስለሆነች ከፍ ዝቅ ያደርጋታል። ከዋናው ቤት አጠገብ ስትቆፍሩም ከነባሩ መሠረት በታች እንዳትወርዱ። ሦስት ሜትር ከራቃችሁ ብዙ አያሳስብም።

አሁን እኔ ራሴ የተማርኩበትን ልንገርዎት። የመጀመሪያዋን የጓሮ ቤት የሠራሁት ለራሴ ነው። ባለሙያ ነኝ ብዬ በወለሉ፣ በመስኮቱ፣ በሴራሚኩ ተጠበብኩ። መግቢያዋን ግን አላሰብኩበትም። ተከራይዋ ወደ ቤቷ ለመግባት በእኛ ወጥ ቤት መስኮት ሥር ማለፍ ነበረባት። ሰላምታ ጥሩ ነገር ነው። በቀን አራት ጊዜ፣ ምን እንደያዘችና ከማን ጋር እንደመጣች እያየን ሰላም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በስምንተኛ ወሯ ወጣች። ተጣልተን አይደለም፤ በጣም በጨዋነት። ምክንያቱን ስጠይቃት ቤቱ እንደሚያምር፣ ግን የሰው ቤት በእንግድነት የተቀመጠች ያህል እንደሚሰማት ነገረችኝ። ጎን ላይ ትንሽ በር አስከፈትኩና መተላለፊያውን በአጥር ለየሁት። ለሴራሚኩ ያወጣሁትን ሩብ እንኳን አልፈጀም። ከዚያ በኋላ የገባው ሰው አምስት ዓመት ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። የጓሮ ቤት ተከራይ የሚከፍለው ለካሬው ብቻ አይደለም፤ ለብቻው ስለመሆኑም ጭምር ነው። የራሱ መግቢያ፣ የራሱ ቆጣሪ፣ የራሱ መጸዳጃና ወጥ ማብሰያ ያላት 30 ካሬ፣ ሁሉንም ከእናንተ ከምትጋራ 45 ካሬ በተሻለ ትከራያለች፣ ተከራዩም ይቆያል። ተከራይ ቆየ ማለት ደግሞ ከላይ ከቀነስናቸው ወሮች አንዷ ተመለሰች ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ማታ መብራት አብርታችሁ ጓሮ ላይ ቁሙ። ወደ ቤታችሁ እዩ። ምን ይታያል? የልጆቹ መኝታ፣ ሳሎኑ? ተከራዩ የሚያየው ያንን ነው። የአዲሱ ቤት ዋና መስኮት ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ይዙር። ለብርሃን የመስኮቱ ስፋት የወለሉን አንድ አስረኛ ያህል ይሁን፤ ንፋስ እንዲዘዋወር ደግሞ በሁለት አቅጣጫ መስኮት ይኑረው። በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ይስፋ፣ መግቢያው ላይ ደረጃ አይኑር። ይህን የምለው ለተከራዩ ብቻ ብዬ አይደለም። አንድ ቀን እናት ወይም አባት ደክሟቸው እዚያ ይገቡ ይሆናል። እናንተም ራሳችሁ ገብታችሁ ትልቁን ቤት ታከራዩት ይሆናል።

መብራቱን ቀድማችሁ አስቡበት። ተከራዩ ምድጃ 2,000 ዋት፣ ማንቆርቆሪያ 2,000 ዋት፣ የሻወር ማሞቂያ 1,500 ዋት አንድ ላይ ቢያበራ 5,500 ዋት ነው። በ220 ቮልት 25 አምፔር ማለት ነው። ከሳሎን ሶኬት በተጎተተ ገመድ የሚሆን ነገር አይደለም። ከዋናው ብሬከር የራሱ መስመር፣ የራሱ ቆጣሪ፣ የራሱ የምድር ሽቦ ይኑረው። ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይዝ መብራቱን የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያም አይረሳ። ቆጣሪ የሌለው ቤት ውስጥ በየወሩ ስንት ኪሎ ዋት በላህ እየተባለ መነዛነዝ አለ፤ ያን ጊዜ ኪራዩ ገቢ መሆኑ ቀርቶ ራስ ምታት ይሆናል። ለውሃም እንደዚያው። የውሃ ማጠራቀሚያ የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነውና ለዚያ ያልተሠራ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አትጫኑት።

መጸዳጃውንና የወጥ ቤቱን ማጠቢያ አንድ ግድግዳ ጀርባና ፊት አድርጉት። ቱቦው ያጥራል፣ ቁፋሮው ይቀንሳል፣ ሲበላሽም የሚሰበረው አንድ ቦታ ነው። ቤት ሲያንስ የካሬው ዋጋ የሚወደደው በእነዚህ ሁለት ክፍሎች ምክንያት ነው፤ 30 ካሬም ሆነ 45 ካሬ ሠራችሁ ሽንት ቤቱ አንድ ነው። ስለዚህ ከ45 ወደ 30 ስትወርዱ ወጪው በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ከዚያ ያነሰ ነው የሚቀንሰው። ብድሩን ለማሳነስ ግን ይበቃል።

ሰው የማያስበው ደግሞ ዕቃው በየት እንደሚገባ ነው። በቤታችሁ ጎን ያለው መተላለፊያ ስንት ሜትር ነው? መኪና የማያስገባ ከሆነ አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ብሎኬቱ፣ ሁሉም በሰው ጉልበት ነው። የ30 ካሬ ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው 3 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል፤ ከ7 ቶን በላይ ነው። አንድ ካርዮላ 50 ሊትር ቢይዝ 60 ምልልስ። ያውም ለወለሉ ብቻ። ኮንትራክተር ዋጋ ሲሰጣችሁ መጥቶ መተላለፊያውን አይቶ ይስጥ። ሳያይ የሰጠ ሰው መሃል ላይ ጨምሩ ማለቱ አይቀርም። በዚያ ላይ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ላልታሰበ ነገር አስቀምጡ። ክፍያውን በሥራው ደረጃ ከፋፍሉት፤ መሠረት ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ጣሪያ ሲወጣ ይህን ያህል እያላችሁ። የመጨረሻውን ክፍያ የምትሰጡት ሽንት ቤቱ ተለቅቆ ውሃው ማንሆሉ ጋ መድረሱን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ይሁን። ኮንክሪቱንም ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። ግንበኛው «ደርቋል» ቢላችሁም አጠጡት፤ ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ከውሃው ጋር በሚያደርገው ውህደት ነው።

እንግዲህ ለእናንተ እኔ ብሆን የማደርገውን ልናገር። በያዛችሁት ገንዘብ፣ ወይም በጣም ትንሽ ብድር ጨምራችሁ፣ ባለ አንድ መኝታ 30 ካሬ ሥሩ። ባለቤትዎ ቶሎ እንጀምር ያሉት ከንቱ አይደለም፤ ዕቃ በቆየ ቁጥር ይወደዳል። ትንሹን ቶሎ መጀመር ሁለታችሁንም ያስማማል ብዬ አስባለሁ።

ወሰኑ 1.2 ሜትር ብቻ ሆኖ ቦታው 45 የሚይዝ ከሆነ ደግሞ የቀረውን 15 ካሬ ለኋላ አዘጋጁት። ይህ ቀላል ነው፤ ግን አሁን ካልተደረገ በኋላ ይወደዳል። ፈቃዱን ስታወጡ የሚቻል ከሆነ ለሙሉው ፕላን አውጡ። መብራቱ ከዋናው ብሬከር ሲዘረጋ ገመዱ ለሁለቱም ክፍል የሚበቃ ይሁን። ጣሪያው ወደሚጨመረው ክፍል በኩል አያዘቅዝቅ። በዚያ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ወደፊት በር የሚሆነውን ቦታ ምልክት አድርጉና የበር አናት የሚሸከመውን የአርማታ አግዳሚ ከአሁኑ አስገቡበት። ከሥሩ ያለውን በተራ ብሎኬት ዝጉት። የሚጨምሩበት ቀን ሲመጣ ብሎኬቱን ብቻ አፍርሶ ማለፍ ነው፤ ተከራዩም በግማሽ ቀን ጫጫታ ይገላገላል።